የሆድ ነገር

በአማርኛችን ሆድ የማይሠራው ሥራ የለም። የሚወደው ሆድ ነው፤ የሚያዝነው ሆድ ነው፤ ምስጢር የሚቀበረውም ሆድ ውስጥ ነው። ለመናገር የሚከብድ ነገር ሲገጥመን «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። የምንወደውን ሰው «ሆዴ» ብለን እንጠራለን። ለጥቅሙ ያደረውን «ሆድ አደር» ብለን እናዋርዳለን፤ የተቀየመውን ደግሞ «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ብለን እንሸሻለን። ይህን ሁሉ ሸክም የጫንበት ሆድ ግን ስለ ዋናው ሥራው፣ ማለትም ስለሚቀበለውና ስለሚፈጨው እህል ሲሆን ብዙ አይወራለትም። እናውራ ቢባልም ሰው ያፍራል፤ ገበታ ላይ ከሆነማ «ኧረ ተዉን!» ይባላል።

ግጥምና ልብ ወለድ በሚወጣባት መጽሔት ስለ ሆድ መጻፍን ምን አመጣው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይሁን። ነገር ግን ከመካከላችን ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ አልጋው ላይ ተጠቅልሎ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ያላለ፣ ወይም ሲባል ያልሰማ ማን ነው? በፈተና ሰሞን ከደብተር ጋር አብሮ ላይብረሪ የሚገባው የጨጓራ ክኒን ነው። አንዱ ሽሮው ነው የገደለን ይላል፤ ሌላው በርበሬው ነው ይላል፤ ሦስተኛው ጭንቀቱ ነው ይላል፤ አራተኛው ተልባ በጥብጦ ይጠጣና ተሻለኝ ብሎ ይተኛል፤ በሳምንቱ ግን ያው ነው። እንግዲህ ነገሩ የሁላችንም ነውና፣ የሕክምና ተማሪዎች ባንሆንም፣ ቋንቋና ታሪክ የምናጠና ሰዎች ባለን መሣሪያ ጥቂት ልንመረምረው ወደድን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ የጨጓራውን ነገር እንጨርስ። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች ራሳቸው የጨጓራ ቁስል ከጭንቀትና ከአሲድ ብዛት የሚመጣ ነው ይሉ ነበር። ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ብርቱ ስለሆነ እዚያ ባክቴሪያ ሊኖር አይችልም የሚል እምነትም ነበራቸው። በአውስትራሊያ፣ ፐርዝ በምትባል ከተማ፣ ሮቢን ዋረን የተባሉ ሐኪም ከበሽተኞች ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ጠምዘዝ ያሉ ባክቴሪያዎች ደጋግመው ያዩ ጀመር። ባሪ ማርሻል የተባለ ወጣት ሐኪም ተባበራቸው። ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ለማራባት ሞከሩ፤ እምቢ አላቸው። ልማዱ ሳህኑን በሁለተኛው ቀን አይቶ ምንም ካልበቀለበት መጣል ነበር። በ1982 ግን የፋሲካ በዓል ሆነና ሳህኖቹ ሳይጣሉ ለተጨማሪ ቀናት ቆዩ። ከበዓል ሲመለሱ ባክቴሪያው በቅሎ ተገኘ። ለካስ እስከዚያ የጎደለው ትዕግሥት ኖሯል!

ያም ሆኖ የሚያምናቸው አላገኙም። ስለዚህ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው። ከጥቂት ቀናት በኋላ አቅለሸለሸው፣ አስመለሰው፤ ጨጓራውም ሲታይ ተቆጥቶ ተገኘ። ያ ባክቴሪያ ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል። ሁለቱ ሰዎች በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም ይኸንኑ ባክቴሪያ በ1994 የጨጓራ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጋር መድቦታል።

ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? ሽሮውና በርበሬው በሐሰት ተከሰዋል ማለት ነው። በርበሬ የቆሰለን ጨጓራ ሊያቃጥል ይችላል፤ ቁስሉን ግን አይፈጥርም። ተልባም ክፉ አይደለም፤ ልጉ አንጀትን ያለሰልሳል፣ ድርቀትን ያስታግሣል። ባክቴሪያውን ግን አይገድልም። ባክቴሪያው በሰገራ ወይም በትንፋሽ ምርመራ ይታወቃል፤ ሐኪም በሚያዝዘው የፀረ ባክቴሪያና የአሲድ መቀነሻ መድኃኒት ይታከማል። መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው መውሰድ ነው፤ ተሻለኝ ተብሎ በአምስተኛው ቀን አይተውም። ደግሞም ለራስ ምታት ብለን በባዶ ሆድ የምንውጣቸው እንደ አስፒሪንና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ራሳቸው ጨጓራን ያቆስላሉ። ሰገራው እንደ ከሰል የጠቆረበት፣ ደም ያስመለሰው፣ ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ካለ ተልባውን አስቀምጦ ዛሬውኑ ክሊኒክ ይሂድ። ይህን የምንለው ለምክር ያህል ብቻ አይደለም። አብሮን ከሚኖር ሰው ሕመሙን «የተማሪ በሽታ ነው፣ ያልፋል» ብሎ የሚሸከመው ብዙ ስለሆነ ነው።

አሁን ከጨጓራ ወደ ታች እንውረድ። የምንበላው እህል አብዛኛው በትንሹ አንጀት ይፈጭና ወደ ደም ይገባል። የማይፈጭ ነገር ግን አለ፤ ገለባው፣ ቅርፊቱ፣ የቅጠሉ ጅማት። አሰር የሚባለው እሱ ነው። ይህ አሰር ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ እዚያ የሚጠብቁት እጅግ ብዙ ተሕዋስያን አሉ። እኛ ያልቻልነውን እነሱ ያብላሉታል፤ በምላሹም የአንጀታችን ግድግዳ ሕዋሳት የሚመገቡትን ቡቲሬት የሚባል አሲድና ሌሎችንም ያወጡልናል። አሰር ባላበላናቸው ጊዜ እነሱም ይራባሉ፣ አንጀቱም ይዳከማል። እንግዲህ በሆዳችን ውስጥ እንግዶች ይኖራሉ ማለት ነው፤ ማዕድ ስንቀርብም ለብቻችን አንቀርብም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ያስፈልገዋል ብሏል።

ይህን የአሰር ነገር ዓለም እንዲሰማው ካደረጉት ሰዎች አንዱ የተማረው በጎረቤታችን በአፍሪካ ምድር ነው። ዴኒስ በርኪት የአየርላንድ ተወላጅ ሐኪም ነበር፤ ካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በቀዶ ሐኪምነት ሠርቷል። በ1958 በሕፃናት መንጋጋ ላይ ስለሚወጣ ዕጢ ጽፎ ስሙ በዕጢው ላይ ቀረ። ነገር ግን ሌላም ያስደነቀው ነገር ነበረ። በአገሩ ሐኪሞች ቀን ከሌት የሚያክሙት የትርፍ አንጀት በሽታ፣ የአንጀት መንፋት፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር በኡጋንዳ ገጠር ሰው ላይ እምብዛም አይታይም። ወደ እንግሊዝ ከተመለሰ በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር በ1972 ያሳተመው ጥናት ማንም የማይደፍረውን ነገር የለካ ነበር፤ ሰገራን መዘኑ፣ ምግብ ከአፍ ገብቶ እስኪወጣ የሚፈጅበትንም ጊዜ ቆጠሩ። አሰር የበዛበት እህል የሚበላው የአፍሪካ ገበሬ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ያሳልፈዋል፤ ነጭ ዳቦ የሚበላው እንግሊዛዊ ደግሞ ሦስት ቀን ገደማ ይፈጅበታል። በ1979 በርኪት ይህንኑ ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ በመጽሐፍ አወጣው። እርግጥ ነው፣ ሁሉ ነገር በአሰር ብቻ አይፈታም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ድሃ ስለሆነ ነው ያልተፈተገ እህል የሚበላው የተባለው ገበሬ ለዓለም ሊቃውንት መምህር ሆነ።

በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ነገሩን በሙከራ አሳየ። ሃያ ጥቁር አሜሪካውያንና ሃያ የደቡብ አፍሪካ የገጠር ሰዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ ተለዋወጡ። አሜሪካውያኑ በቆሎውን፣ ባቄላውን፣ አትክልቱን በሉ፤ የገጠር ሰዎቹ ሥጋና ቅባት የበዛበትን የአሜሪካ ምግብ በሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ብቻ የአሜሪካውያኑ አንጀት መቆጣት ቀነሰ፣ ቡቲሬቱም ጨመረ። በገጠር ሰዎቹ ላይ ተቃራኒው ሆነ። ሁለት ሳምንት! ከገጠር ወደ ከተማ ትምህርት የመጣ ልጅ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ በሆዱ ምን እንደሚደርስበት ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሰር አንዱ ነገር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማብላላት ነው። በዚህ ረገድ መጽሐፍ ከማገላበጣችን በፊት ከግቢያችን ጀርባ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ሄደን ነበር። ሊጡ መድረሱን በምን ያውቃሉ፣ እትዬ? ብለን ጠየቅናቸው። ሳቁብን። «ይናገራላ! ጆሮ ካላችሁ ይናገራል። አረፋው ይጮሃል፣ ውኃው ከላይ ይጠላል፣ ሽታው ይለወጣል። በበጋ ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ በክረምት ሊጡም እንደ ሰው ይሰንፋል፣ ሦስት ቀን ካላደረ አይሆንም» አሉን። ከዚያ በላይ የጠለለውን ውኃ ቀድተው አፈሰሱ፤ ከሊጡ ጥቂቱን በፈላ ውኃ አገንፍተው አብሲቱን ሠሩ፤ በረድ ሲል መልሰው ከሊጡ ጋር ቀላቀሉት። ሊጡ ኩፍ አለ። ምጣዱ ላይ ሲፈስና አከንባሎው ሲከደን የእንጀራው ዓይን ወጣ። ለሚቀጥለው ሊጥ እርሾ ማስቀረትንም አልረሱም። ያ እርሾ ከእናታቸው ቤት የመጣ ነው ወይ ብንላቸው «የእርሾ ዘር ከየት እንደሆነ ማን ይቆጥረዋል? ሲያልቅብሽ ከጎረቤት ትወስጃለሽ፣ ሲያልቅባት ትሰጫታለሽ» አሉን።

ሳይንሱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እርሾው ውስጥ ያሉት እርሾ አብቃይ ተሕዋስያንና ላክቲክ አሲድ የሚያወጡ ባክቴሪያዎች ሊጡን አስቀድመው ይፈጩልናል። በእህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል ብረትንና ዚንክን ቆልፎ የሚይዝ ነገር አለ። ሊጡ ሲቦካ ይህ ቁልፍ ይላላል፤ በጤፍ ውስጥ ያለው ብረትም ለደማችን ይቀርባል። ሳይቦካ የተጋገረ እንጀራ ሆድ የሚነፋው ያለ ነገር አይደለም። የእኛ አንጀት የሚሠራውን ሥራ እኩሌታውን ቡሃቃው ሠርቶልናል ማለት ይቻላል።

ይህ ጥበብ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ሕዝብ ሁሉ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ በየቤቱ ደርሶበታል። በኮሪያ በልግ ሲገባደድ ቤተሰብና ጎረቤት ተሰብስቦ ጎመኑን በጨው አሽቶ፣ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ቀብቶ፣ የክረምቱን ኪምቺ ያዘጋጃል። ማሰሮውን ብርድ እንዳያደርቀው፣ ሙቀትም እንዳያበላሸው መሬት ቆፍረው ይቀብሩት ነበር። ይህ ሥራ ኪምጃንግ ይባላል፤ ዩኔስኮ በ2013 የሰው ልጅ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን በ1951 የዘመቱባት አገር ይህችው ነች። የሚገርመው ደግሞ የኮሪያም በርበሬ የእኛም በርበሬ አገሩ አሜሪካ መሆኑ ነው። ኮሎምቦስ በ1492 ወደዚያ ከተሻገረ በኋላ ነው ዘሩ ወደ ቀረው ዓለም የደረሰው። ከጥንት ከጠዋቱ የእኛ ነው የምንለው ቀይ ወጥ ቀይነቱን ያገኘው ከእንግዳ ነው። እንግዳውን አጥበን፣ አድርቀን፣ ቀምመን የራሳችን አደረግነው።

በጀርመን አገር ጥቅል ጎመን ተከትፎ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ ተጨቁኖ ለሳምንታት ይቀመጣል፤ ሲኮመጥጥ ይበላል። ይህ ጎመን ታሪክ ሠርቷል። የእንግሊዙ መርከበኛ ጄምስ ኩክ ከ1768 እስከ 1771 ዓለምን ሲዞር፣ የመርከበኞችን ድድ የሚያደማውንና የሚገድላቸውን የስኩርቪ በሽታ ለመከላከል ይህን ጎመን በበርሜል ጭኖ ነበር። መርከበኞቹ ግን አንበላም አሉ። ኩክ ምን አደረገ? አልገረፋቸውም። በየቀኑ ጎመኑ ለመኮንኖቹ ገበታ እንዲቀርብ አዘዘ፤ ተራው ሰው ቢፈልግ ይብላ፣ ባይፈልግ ይተው አለ። አለቆቹ ሲበሉት ያየ መርከበኛ ሁሉ ወዲያው ጎመን ጎመን አለ፤ በሳምንት ውስጥ እንዳያልቅ በራሽን ማደል ግድ ሆነ። ይህን ታሪክ በልባችሁ ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በቡልጋሪያ ደግሞ እርጎ አለ። በ1905 ስታመን ግሪጎሮቭ የሚባል ወጣት ቡልጋሪያዊ ሕክምና ለማጥናት ጄኔቭ ሄዶ ሳለ፣ የአገሩን እርጎ በማይክሮስኮፕ መረመረና የሚያረጋውን ባክቴሪያ አገኘ። እንደ እኛው ተማሪ ነበር። ከትውልድ አገሩ የመጣውን ምግብ ሳያፍርበት ላቦራቶሪ ይዞት ገባ። በፓሪስ ፓስተር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ኢልያ ሜችኒኮቭ፣ በ1908 የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት ሊቅ፣ ነገሩን ተቀብለው እርጎ ዕድሜ ያረዝማል ብለው ሰበኩ። ዕድሜ ማርዘሙ እስከ ዛሬ በማስረጃ አልጸናም፤ ነገር ግን በአንጀት ውስጥ ወዳጅ ባክቴሪያዎች እንዳሉ ማሰብ ከዚያ ጀምሮ ሥር ሰደደ። በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2021 የወጣ ጥናት፣ ለአሥር ሳምንት እርጎ፣ ኪምቺና የመሳሰለውን የበሉ ሰዎች በአንጀታቸው የተሕዋስያን ዓይነት እንደበዛ፣ በደማቸውም የመቆጣት ምልክት እንደቀነሰ አሳይቷል። የተጠኑት ሰዎች 36 ብቻ ነበሩና ነገሩን አናጋንነው።

ደቡብ ሕንድ ብንሄድ ሩዝና ምስር መሰል ጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ ሌሊቱን ቦክቶ፣ ጠዋት በእንፋሎት ይበስላል፤ ኢድሊ ይሉታል። ወደ ራሳችን ደቡብ ስንመለስ ደግሞ የጉራጌ፣ የሲዳማ፣ የሐዲያ፣ የጋሞ እናቶች እንሰቱን ፍቀው፣ በቅጠሉ ጠቅልለው፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ለወራት ያቆዩታል፤ ቆጮ ይሆናል። የኮሪያ እናት ማሰሮ ስትቀብር የጉራጌ እናት ቆጮ ትቀብራለች። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። መሬቱ ግን ለሁለቱም አንድ ነገር አስተማራቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። የጥንት ነገር ሁሉ ደግ ነው እያልን ነውን? አይደለም። እንጀራ ምጣድ ላይ ሲጋገር ያሉት ተሕዋስያን በእሳቱ ይሞታሉ፤ ስለዚህ እንጀራ የሚጠቅመን በሥራቸው እንጂ በነፍሳቸው አይደለም። ሕያው ባክቴሪያ የፈለገ እርጎ ይጠጣ። እሱም ቢሆን ካልፈላ ወተት ከተረጋ የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ሊያመጣ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። ጥሬ ሥጋ ስንበላ ኖረን የኮሶ ትል ሲይዘን የኮሶ ዛፍ አበባ እየጠጣን እንደ ሞት የሚመር ሌሊት ማሳለፍም የአባቶቻችን ጥበብ ነበር፤ ሥጋውን ማብሰል ግን ይቀል ነበር። እንግዲህ ሚዛን ያስፈልጋል። ሁሉን የሚያመልክም፣ ሁሉን የሚንቅም፣ ሁለቱም ሳይመረምሩ ነው የፈረዱት።

መናቅ የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማየት የበቆሎን ታሪክ መስማት ይበቃል። የሜክሲኮ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በቆሎን በኖራ ውኃ ቀቅሎ፣ አሳድሮ፣ አጥቦ ነው የሚፈጨው። አውሮፓውያን በቆሎውን ወደ አገራቸው ወሰዱ፤ የኖራውን ነገር ግን የኋላ ቀር ሴቶች ልማድ ነው ብለው ይሁን ሳይጠይቁ ቀርተው፣ ትተውት ሄዱ። ከዚያ በኋላ በስፔን፣ በሰሜን ኢጣሊያ፣ ኋላም በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች በቆሎ ብቻ የሚበላው ድሃ ቆዳው ይላጥ፣ ሆዱ ይቀዘቅዝ ይታመም፣ አእምሮው ይዛባ ጀመር። ፔላግራ ይሉታል። ሐኪሞች ተላላፊ በሽታ ነው፣ የተበላሸ እህል ነው እያሉ ብዙ ዘመን ተከራከሩ። ጆሴፍ ጎልድበርገር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1915 ምክንያቱ የምግብ ጉድለት መሆኑን አሳየ፤ የጎደለው ቫይታሚን ናያሲን መሆኑም በ1937 ታወቀ። ናያሲኑ በቆሎው ውስጥ ተቆልፎ ኖሯል፤ የሚፈታው ኖራው ነበር። ዘሩን ወስደው የእናትየዋን እጅ ትተው ሄዱ፤ በዚህም የተነሣ ብዙ ሰው አለቀ።

ለእኛ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከገጠር ሲመጣ እናቱ ቋጥራ የሰጠችውን በሶ አልጋ ሥር ደብቆ፣ ሌሊት ሰው ሲተኛ የሚበጠብጥ ልጅ በየዶርሙ አለ። ሲታይ «በሶ ሞላላ» ይባላል፣ ይሳቅበታል። ያው ልጅ በወር ሁለት ጊዜ ገንዘብ ሲያገኝ ነጭ ዳቦና ለስላሳ ገዝቶ በአደባባይ ይበላል፤ ማንም አይስቅበትም። በሶው ግን ከተቆላ ገብስ የተሠራ ነው፤ አሰሩ የማይናቅ ነው፤ ሳይቆላ ሳይታመስ፣ ሳይሸከሸክ ሳይፈጭ ወደዚህ አልደረሰም። ዳቦው በሁለት ሰዓት ውስጥ ተነፍቶ የወጣ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ! ልጁ ያፈረው በበሶው ይመስለዋል፤ እኛ ግን ያሳፈርነው በእናቱ ነው።

የኩክ ጎመን የሚያስፈልገን እዚህ ነው። መርከበኞቹ ጎመኑን የናቁት ስላልጣማቸው ብቻ አልነበረም፤ አለቆቹ የማይበሉት መስሏቸው ነበር። ነገ በየወረዳውና በየትምህርት ቤቱ ተመድበን ስንሄድ ሕዝቡ የእኛን ገበታ ማየቱ አይቀርም። መምህሩ የሚበላውን ተማሪው ይመኛል። እኛ ቆሎውን፣ ንፍሮውን፣ ጎመኑን፣ የቦካውን እንጀራ አፍረን ከሸሸን፣ ልጆቹ ከእኛ የሚማሩት የመጀመሪያው ትምህርት ማፈር ይሆናል።

ሌላም ጉዳይ አለ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ተረትና ምሳሌ፣ ቀረርቶና ለቅሶ ለመሰብሰብ መቅረጸ ድምፅ ተሸክመን ገጠር እንወርዳለን። ሽማግሌዎቹን እንቀዳለን። እናቶቹ ግን ቡና አፍልተው፣ እንጀራ አቅርበው ወደ ጓዳ ይመለሳሉ፤ «እርስዎስ ምን ያውቃሉ?» ብሎ የሚጠይቃቸው ጥቂት ነው። ስልጆው እንዴት እንደሚኮመጥጥ፣ የወተቱ ዕቃ ለምን በወይራ እንደሚታጠን፣ የትኛው ሊጥ በየትኛው ወር ስንት ቀን እንደሚያድር፣ ይህ ሁሉ በቃል ያለ መጽሐፍ ነው። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ እየተቀላቀለ፣ ጊዜ ሲጠፋ እንጀራው ሳይቦካ እየተጋገረ በሄደ ቁጥር ከዚህ መጽሐፍ አንድ አንድ ገጽ ይቀደዳል። ሻጯን እናት አንወቅስም። «ልጆቼ፣ እኔም እኮ ሦስት ቀን ማሳደር እወዳለሁ፤ ደንበኛው ግን ዛሬ ነው የሚፈልገው፣ የቤት ኪራዩም ዛሬ ነው የሚጠየቀው» ነበር ያሉን። ቸኩለው አይደለም፤ ተቸክሎባቸው ነው። ይህ የኑሮ ጥያቄ ነውና በምክር ብቻ አይመለስም።

በእጃችን ያለው ግን አለ። ሕመም ያለበት ይመርመር። ካፌ ውስጥ ጎመንና ምስር ሲቀርብ ሳይነካ የሚመልስ ሰው ለሆዱ እንግዶች ያስብላቸው። በሶ ያለው በጠራራ ፀሐይ ይበጥብጥ፤ እኛም ጠጋ ብለን «አካፍለን» እንበለው። በመጪው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ደግሞ አንድ ደብተር እንያዝ። ከእናቶቻችንና ከአያቶቻችን አጠገብ ጓዳ ቁጭ ብለን፣ ሊጡ ሲያድር አብረን አድረን፣ የሚሉንን እንጻፍ። ከአሥር አገር የመጣን ነንና አሥር ዓይነት እርሾ ይዘን እንመለሳለን። ለዚያ የሚሆን ገጽ ይህች መጽሔት አታጣም።